«ጽፌዋለሁ፣ ግን ሲፈለግ አይገኝም» ላለችው እህታችን

እህቴ፣ ሌላውም እንዲከተል ጥያቄሽን በአጭሩ ልድገመው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የብሎክ ኮሚቴ ጸሐፊ ነሽ። የውሃ ፈረቃውን፣ የጥበቃ ደመወዙን፣ የስብሰባ ውሳኔውን በተራ የጽሑፍ ፋይል ትይዣለሽ፤ ላፕቶፕ ላይ በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ፣ ስልክ ላይ በማርኮር። መጻፍሽን የምታውቂው ነገር ሲፈለግ አይገኝም፣ አንዳንድ የድሮ ፋይል የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኗል፣ ስልኩና ላፕቶፑ አንዱ የሌላውን ያጠፋል። ስለዚህ «ወደ ሌላ አፕ ልዙር ወይ?» ብለሻል።

አትዙሪ። አፕ ብትቀይሪ ዋናው ችግር አብሮሽ ይሄዳል፤ ያለው ፕሮግራሙ ላይ ሳይሆን አጻጻፋችን ላይ ነውና። ከፍለጋው ልጀምር፣ እሱ ሲስተካከል ግማሹ ይቃለላል።

ኮምፒውተር ድምፅ አይሰማም፣ የሚያነጻጽረው ፊደሉን ነው። ለእኛ «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ» አንድ ሰው ናቸው፤ ለእሱ ግን ሠ እና ሰ ልክ እንደ ለ እና በ የማይገናኙ ናቸው። እንዲህ የሚያሳስቱት ሀ፣ ሐ፣ ኀ ከነራብዓቸው፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ ከነራብዓቸው፤ ጸ እና ፀ ናቸው። የስልኩ ኪቦርድ «ሂሳብ» ብሎ ይጠቁምሻል፣ ማታ ላፕቶፕ ላይ በእጅሽ «ሒሳብ» ትጽፊያለሽ፤ በሦስተኛው ወር አንዱን ፈልገሽ ሌላውን ታጫለሽ። በዚህ ላይ የውጭ ቃል አለ፦ ጄኔሬተር፣ ጀነሬተር፣ ጄነሬተር። ሁሉም ትክክል የሚመስሉ፣ ሁሉም የተለያዩ።

ሁለተኛው ነገር የቃሉ ጫፍ ነው። «ጄኔሬተር» ብለሽ ስትፈልጊ «ጄኔሬተሩ» አይመጣም፣ ር ወደ ሩ ተለውጣለችና። «ሠራተኛ» ብለሽ «ሠራተኞች» አታገኚም። ከፊት የሚለጠፉት የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ደግሞ ችግር የሚሆኑት የፍለጋው ሳጥን ላይ «ማች ሆል ወርድ» የሚለው ምልክት ከተደረገበት ነው፤ ያኔ «የጥበቃው» ውስጥ ያለውን «ጥበቃ» ይዘለዋል። አማርኛ ስትፈልጊ ይሄ ምልክት ሁልጊዜ ይነሳ።

ስለዚህ ለስልክ የሚሆነው ቀላሉ ዘዴ ቃሉን ከፊትም ከኋላም ቆርጦ አደጋ የሌለበትን መሃሉን መፈለግ ነው። ለሠራተኛ «ራተ»፣ ለጄኔሬተር «ሬተ»። ሁለት ፊደል ያንሳል ብለሽ አትስጊ፤ ትርፍ ውጤት ቢመጣ በዓይን ይለፋል፣ ያልመጣ ግን አይታይም። ላፕቶፕ ላይ ከዚህ የተሻለ አለ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍን አብረሽ ተጫኚ፣ ማኅደሩን (ፎልደሩን) ምረጪ፣ ከታች «ሬጉላር ኤክስፕሬሽን» የሚለውን አብሪ፣ ከዚያ እንዲህ ጻፊ፦

[ሰሠ]ራተ
[ሂሒኂ]ሳ[ብቡባቦ]
[አኣዐዓ]መ[ትቱታቶ]
ው[ሀሃሐሓኀኃ]
[ጀጄ][ነኔ]ሬተ

ቅንፉ «ከእነዚህ አንዱ ይሁን» ማለት ነው። በቅንፉ ውስጥ ነጠላ ሰረዝም ባዶ ቦታም አታስገቢ፤ እነሱም እንደ አንድ ፊደል ይቆጠሩና የማይፈለግ ነገር ያመጣሉ። እነዚህን መስመሮች «ፍለጋ» በሚል ስም አንድ ፋይል ውስጥ አኑሪያቸው። ከዚያ በኋላ ፍለጋ ባልተሳካልሽ ቁጥር ያልተገኘው ቃል እንዴት ተጽፎ እንደነበረ እዪና አንድ መስመር ጨምሪ። መሣሪያ ማሻሻል ማለት ለእኔ ይሄ ነው። «ከአሁን በኋላ ሁላችንም በሥርዓቱ ሠ እንጻፍ» የሚለው ምክር ያምራል፣ ግን አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ውስጥ አይሠራም። ፊደሉን በሥርዓቱ የሚጽፍ ሰው ራሱ በስልክ ሲጽፍ ይስታል።

ሌላ በዓይን የማይለይ ነገር፦ አራት ነጥብ «።» እና ሁለት ጊዜ የተጻፈ ሁለት ነጥብ «፡፡»። መልካቸው አንድ ነው፣ ለፍለጋ ግን የተለያዩ ናቸው። «ተከፍሏል።» ብለሽ ስትፈልጊ ግማሹ ይቀራል። ማኅደሩን መጀመሪያ ቅጂ፣ ከዚያ «፡፡»ን በ«።» በአንድ ጊዜ ተኪ። ገንዘብም እንዲሁ አንድ ዓይነት ይሁን፦ 3500፣ ያለ ሰረዝ፣ ከዚያ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ብር። 3,500 እና 3500ብር የተቀላቀሉበት ፋይል ለሒሳብ አጣሪ ስቃይ ነው። መደመር ካስፈለገ ግን ወርሃዊ መዋጮውን ወደ ኤክሴል ውሰጂው፤ የጽሑፍ ፋይል ስለማይደምር አታስጨንቂው።

አሁን ወደ መስመሩ። አንድ ጉዳይ አንድ መስመር፣ መስመሩም በቀንና በምልክት ይጀምር፦

2017-08-14 #ውሃ ፈረቃው ወደ ማክሰኞና ዓርብ ተዛወረ፣ ሮቶው ግማሽ ነው
2017-08-15 #ክፍያ የጥበቃ ደመወዝ ሚያዝያ 3500 ብር
2017-08-19 #ውሳኔ የደረጃ መብራት በየወለሉ ይከፈል፣ መዝገብ 2 ገጽ 41

በመስመሩ መሃል ኢንተር አትምቺ። የፍለጋው ውጤት የሚያሳየው መስመሩን ስለሆነ፣ ሐሳቡ ሦስት ቦታ ከተሰበረ ቀኑ አንድ ቦታ፣ ብሩ ሌላ ቦታ ይቀራል። ረጅም መስመር ከስክሪኑ ከወጣ «ወርድ ራፕ» የሚለውን ማብራት ይበቃል፣ ፋይሉን አይነካውም። ምልክቶቹን ከአስር አታሳልፊ፣ ዝርዝራቸውም ፋይሉ አናት ላይ ይቀመጥ። ምልክቱ ላይ የ ወይም በ አይለጠፍ፤ «የ#ውሃ» አይባልም። «ውሃ» አጭር ስለሆነ መሃል የለውም፣ ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ቃል በምልክት ቢያዝ ይሻላል። የውሳኔው መስመር መጨረሻ ላይ ያለው የመዝገብ ገጽም ለጌጥ አይደለም። የተፈረመው ቃለ ጉባኤ ወረቀቱ ነው፣ ፋይሉ ወደ ወረቀቱ የሚመራ ማውጫ ነው። ነዋሪ ሲከራከር የሚወጣው መዝገቡ ነው።

ቀኑን በተመለከተ፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፤ ወርና ቀን ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ። 2017-8-4 ብለሽ ከጻፍሽ መስመሮቹ ሲደረደሩ ሰኔ፣ 2017-10፣ ከሚያዝያ በፊት ይመጣል። በእዝባር የተጻፈ ቀን ደግሞ ለፋይል ስም አይሆንም፣ ዊንዶውስ አይቀበለውም። የእኛ አቆጣጠር ለመደርደር ምንም ችግር የለበትም፤ ጳጉሜን 13 ብለሽ ስትጽፊያት ከነሐሴ በኋላ ራሷ ትገባለች። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ አቆጣጠሮች ሲቀላቀሉ ነው። 2017-09-11 ግንቦት 11 ነው ወይስ የፈረንጆቹ ሴፕቴምበር? ከሁለት ዓመት በኋላ አንቺም አታውቂውም። መዝገቡ በሙሉ በእኛ ይሁን፣ ደረሰኝ በፈረንጅ ቀን ከመጣ ብቻ ከፊቱ «እ» ጨምሪ፦ እ2025-09-11፣ ይህም መስከረም 1 ቀን 2018 ነው።

አንዳንዱ ቀን የሚያውቅ የሥራ ዝርዝር አፕ ላይ የእኛን ቀን አታስገቢ። ጥቅምት 30 ለእሱ ፌብሩዋሪ 30 ነው፣ ጳጉሜን ጭራሽ አያውቃትም። አንዱ ስህተት ይላል፣ ሌላው ዝም ብሎ ወደ ማርች ያሻግረዋል፤ የባሰው ሁለተኛው ነው። ማስታወሻ ደወል ካስፈለገሽ የስልኩ ካላንደር ላይ በፈረንጅ ሙዪው፣ ፋይሉን ተይው። ሰዓቱም ያው ነው፤ ፋይሉ 15:20 ላይ ተቀየረ ካለ ከሰዓት በኋላ 9:20 ማለቱ ነው።

ያልተጠናቀቀ ሥራ መስመሩ ከቀኑ በፊት «ቀሪ» በሚል ቃል ይጀምር፣ ሲያልቅ «አለቀ» ብለሽ ለውጪው፣ አታጥፊው። ከዚያ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን እንደበራ ^ቀሪ ብለሽ ስትፈልጊ የሁሉም ፋይል ቀሪ ሥራ በአንድ ዝርዝር ይመጣል፣ መስመሩን ሁለት ጊዜ ጠቅ ስታደርጊ ቦታው ላይ ያደርስሻል። ያቺ ቆብ (^) መስመሩ መጀመሪያ ላይ ብቻ እንዲያይ ታደርገዋለች፤ አለበለዚያ «ቀሪ ሒሳብ» ሁሉ ይጎርፋል። የሌላ ሰው መልስ የሚጠበቅበት ሥራ «ከሌላ» ይባል። «ጥበቃ» ብለሽ እንዳትሰይሚው፣ ከዘበኛው ደመወዝ ጋር ይቀላቀላል።

ስልክና ላፕቶፕ የሚጠፋፉት አንድ ፋይል ሁለት ቦታ ስለሚጻፍበት ነው። መፍትሔው ሥራ መከፋፈል ነው፦ ስልኩ የሚጽፈው «ገቢ» የሚባል አንድ ፋይል ላይ ብቻ፣ ሌሎቹን ስልኩ ያነባል እንጂ አይነካም። ላፕቶፑ ላይ ስትቀመጪ ከገቢ እያነሳሽ ወደ ቦታው ትወስጃለሽ። ለማመሳሰል ሲንክቲንግ የሚባለው ፕሮግራም ጥሩ ነው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ኔትወርክ በጠፋ ቀን የስልኩን ሆትስፖት ያለ ዳታ ከፍተሽ ላፕቶፑን ብታገናኚ ይበቃል። የመጀመሪያው የአንድሮይድ አፕ በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ተቋርጧል፣ ሌሎች ኮዱን ወስደው በራሳቸው ቅጂ (ፎርክ) ቀጥለውታል። የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ ከኋላ ይዘጋዋል፣ ስለዚህ ከቆጣቢው ነፃ አድርጊው። ሁለት ቦታ የተጻፈ ፋይል ሲያጋጥመው አያጠፋም፣ ስሙ ላይ «ሲንክ ኮንፍሊክት» የሚል የተጨመረበት ሁለተኛ ቅጂ ያስቀምጣል። በሳምንት አንዴ እነዚህን ፈልጊ፣ አስታርቂ፣ ሰርዢ። ማመሳሰል ግን መጠባበቂያ አይደለም፤ ላፕቶፕ ላይ ያጠፋሽውን ስልኩም ላይ በታዛዥነት ያጠፋዋል። ስለዚህ የሲንክቲንግን ፋይል ቨርዥኒንግ፣ የቀድሞውን ቅጂ የሚያቆየውን፣ አብሪው።

አንድ ወጥመድ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ራሱ ውስጥ አለ። በየ7 ሰከንዱ ያልተቀመጠውን ጽሑፍ ለብቻው ይይዛል፣ ስለዚህ ስትዘጊው «ላስቀምጥ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፣ ስትከፍቺው ደግሞ ጽሑፉ አለ። አለ ማለት ግን ፋይሉ ውስጥ ገባ ማለት አይደለም፤ ስልኩ አያየውም። ትሩ ላይ ያለው ምልክት ቀይ ከሆነ ኮንትሮልና ኤስ ተጫኚ። ይህን መያዣ ግን አታጥፊው፣ መብራት ድንገት ሲሄድ የሚያድንሽ እሱ ነው። በሚቀመጥበት ቅጽበት መብራት የሄደበት ፋይል አንዳንዴ ጥቁር ሳጥን ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ለዚያ በፕሪፈረንስ ውስጥ ባካፕ የሚለው ገጽ ላይ «ቨርቦዝ» የሚለውን ምረጪ፣ ባስቀመጥሽ ቁጥር ቀን ያለበት የቀድሞውን ቅጂ ያኖራል።

ተበላሹ ያልሻቸው ፋይሎች አንድ ዓይነት አይደሉም፣ አይተሽ ለዪ። ባዶ ሳጥን ከሆነ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው፣ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ጫኚ። አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» በየሦስት ምልክቱ እየተመላለሰች ከሆነ ጽሑፉ ደህና ነው፤ እያንዳንዱ የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ፊደል ፋይል ውስጥ የሚቀመጥበት የኮድ ሥርዓት፣ ማለትም ኢንኮዲንግ) ሦስት ባይት ስለሆነ፣ በተሳሳተ ኢንኮዲንግ ሲከፈት ሦስት ተሰንጥቆ ይታያል። በኢንኮዲንግ ሜኑ «ዩቲኤፍ 8» የሚለውን ምረጪ፤ «ኮንቨርት» የሚለውን እዚህ ላይ አትንኪ፣ ስንጥቁን ያጸናዋል። ሥርዓት የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ከሆነ ደግሞ በቀድሞዎቹ ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ) ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፎንት የራሱ ኮድ ነበረው። መቀየሪያ ፕሮግራም ያስፈልገዋል እንጂ አልጠፋም። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ግን ጠፍቷል። የዊንዶውስ የድሮው ኖትፓድ ሲያስቀምጥ «ዩኒኮድ ፊደሎች ይጠፋሉ» ብሎ ያስጠነቅቅ ነበር፣ ሰው ሳያነብ ኦኬ ይላል፤ በዚያች ቅጽበት እያንዳንዱ ፊደል በእውነተኛ የጥያቄ ምልክት ተተክቷል። በፈረንጆቹ 2019 ከወጣው የዊንዶውስ 10 እድሳት ወዲህ ኖትፓድ ራሱ በዩቲኤፍ 8 ያስቀምጣል። እነዚያን ከወረቀቱ መልሶ መጻፍ እንጂ የሚመልስ ፕሮግራም አለ የሚልሽን ብር እንዳትሰጪው።

ፍላሽ ላይ የምታስቀምጪው ቅጂ ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ ሲመለስ ማኅደሩ ወደ ሾርትከት ከተለወጠ አትደንግጪ፣ ፎርማትም አታድርጊው። ቫይረሱ ፋይሎቹን ደብቋቸው ነው፤ ሾርትከቱን ሳትከፍቺ የተደበቁ ፋይሎችን አሳዪ የሚለውን አብሪና ቅጂያቸው። ቦታ አያሳስብሽ፣ 1500 ፊደል ያለው ገጽ ከ4.5 ኪሎባይት አያልፍም፣ ሺህ ገጽ የአንድ ስልክ ፎቶ ያህል ነው። ግን የነዋሪዎች ስምና ስልክ ቁጥር ስላለበት የብሎኩ ቴሌግራም ላይ እንዳትለቂው፤ የጽሑፍ ፋይል ቁልፍ የለውም።

ከተበላሹት ፋይሎች የአንዱን የመጀመሪያ ሁለት መስመር፣ ስምና ስልክ አውጥተሽበት፣ እዚሁ በፎቶ ለጥፊው፤ ከአራቱ የትኛው እንደሆነ እንነግርሻለን።