ቁስሌ አልደርቅ አለ፣ እንባዬም እንደዚያው

ጥያቄ፦ 43 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በማዮማ (የማህፀን እጢ) ምክንያት ማህፀኔ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ስፌቱ በአንድ በኩል ከፈት ብሎ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል፣ ይሸታልም። ጎረቤቶቼ ማር ቀቢበት ይሉኛል። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን የምሸከመው እኔው ነኝ። ደግሞ ዝም ብሎ እንባዬ ይመጣል። ከእንግዲህ ሴት ነኝ ወይ እላለሁ። ባለቤቴም ዝም ብሏል። ቀጠሮዬ ገና ነው፣ ልጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቂ እህቴ። ስፌት ተከፍቶ የሚሸት ፈሳሽ ካወጣ ኢንፌክሽን ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ካልሆነ ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ወደሆንሽበት ሂጂ፤ ራቀኝ ካልሽም ቅርብሽ ያለው ጤና ጣቢያ አይቶ ሪፈር ይጽፍልሻል። ትኩሳትሽ 38 ካለፈ፣ ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ከታች የሚፈስሽ ደም በአንድ ሰዓት ሞዴስ ካራሰ፣ አንድ እግርሽ ካበጠ (ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል) ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ሌሊትም ቢሆን አትደሪ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ማሩን ተዪው። ቅቤውንም፣ ቅጠሉንም፣ በግምት የተገዛ አንቲባዮቲክንም። ጎረቤቶችሽ ለበጎ ብለው ነው፤ የጓዳ ማር ግን ክፍት ቁስል ላይ ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል። ማዮማው ብዙ ደም ሲያፈስሽ ከነበረ ደም ማነስ ሊኖርብሽ ይችላል፣ እሱም ቁስል ያዘገያል፤ ስለዚህ ደምሽንም ስኳርሽንም ይመርምሩልሽ። እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ ብዪ። ጾም ከያዝሽ ንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ ለታመመ አይከለክሉም።

ጀሪካኑ ነው ያናደደኝ! 20 ሊትር 20 ኪሎ ነው፣ ያውም አራት ፎቅ። ቢያንስ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አታነሺም። ባለቤትሽ ዝም ያለው ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ሊሆን ይችላል፤ ጀሪካኑን አስይዢውና ወሬውንም ከዚያ ጀምሩ። ለግንኙነት ደግሞ ሐኪሙ እሺ እስኪል ይታገስ።

ሴት ነኝ ወይ ላልሽው፣ ነሽ። የወር አበባ አይመጣም፣ አታረግዢም፤ የቀረው እሱ ነው። እሱም ቢሆን ያሳዝናል፣ ማልቀስሽ አይገርምም። አንድ ነገር ግን ጠይቂ፦ ኦቫሪዎችሽስ (እንቁላልና ሆርሞን የሚያመነጩት) አብረው ወጥተዋል? ወጥተው ከሆነ ሆርሞንሽ በአንዴ ስለሚወርድ ሙቀት ሽው ይልሻል፣ ሌሊት ያልብሻል፣ እንቅልፍ ይነሳሻል፣ ሆድ ይብስሻል። ለዚህ ሕክምና አለው። ካልወጡም፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀኑን ሙሉ ከከፋሽና ምንም ካላስደሰተሽ ቁስሉን ስታሳዪ ይሄንንም ተናገሪ፤ የአእምሮ ሐኪም ጋ ቢልኩሽም አትፈሪ። ብሞት ይሻላል የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፣ ለባለቤትሽ ነግረሽ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።