ለአባቷ ስፒከር ለምትፈልገው እህታችን፦ ሳትሰሚ ቀብድ እንዳትከፍዪ

ሰላም እህቴ። ጡረታ ለወጡት አባትሽ የድሮ ዘፈን በጥራት የሚያሰማ ስፒከር በ40 ሺህ ብር ይገኛል ወይ፣ እዚሁ አዳማ ሱቅ ያየሽው ባለ 1200 ዋት ቁመታሙ ይሻላል ወይስ ትንሹ ብለሽ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች «ትልቁን ግዢ» ብለውሻል። እኔ ደግሞ ትልቁን እንዳትገዢ ልለምንሽ ነው። ያየሽው እኔ ያየሁትን ሳይሆን አይቀርም፤ ምናልባት ሱቁም አንድ ነው።

1. ዋት የሚለውን እርሺው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር በጣም ቢበዛ ስፒከሩ ሳይቃጠል የሚችለውን ኃይል ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ እርሱም የተጋነነ ነው። ከጀርባው ባለችው ደቃቅ ጽሑፍ ውስጥ ዴሲቤል የሚለውን ፈልጊ። ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው፣ 1 ሜትር ርቀት ላይ ምን ያህል እንደሚጮህ የሚነግርሽ እርሱ ነው። የ3 ዴሲቤል ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 86 የሆነው ስፒከር 89 ከሆነው እኩል እንዲጮህ እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ፣ ጎረቤት በማይቆጣበት ድምፅ ሲደመጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከጥቂት ዋት አይበልጥም። ቀሪው አንድ ሺህ ምናምን ዋት ለሠርግ ድንኳን ይሁን።

2. አምፕሊፋየሩ (ድምፁን የሚያጎላው ዕቃ) ለብቻው የሆነውን፣ ፓሲቭ የሚባለውን ስፒከር ምረጪ። ብሉቱዝ ያለውና በራሱ ሶኬት ላይ የሚሰካው ለአያያዝ ይቀላል፣ አልክድም። ግን የከተማችንን መብራት ታውቂዋለሽ። ሄዶ ሲመለስ እንዴት ባለ ኃይል እንደሚመለስም ታውቂያለሽ። ፓሲቭ ስፒከር ሶኬት አያውቅም፤ ቢቃጠል የሚቃጠለው አምፕሊፋየሩ ነው፣ እርሱንም ማንኛውም ጎበዝ ጠጋኝ ይከፍተዋል። አምፕሊፋየር ስትገዢ ጀርባው ላይ 220 የሚል መኖሩን በዓይንሽ እዪ። ከአሜሪካ የመጣው 120፣ ከጃፓን የመጣው 100 ቮልት ነው። ባለ 100 ቮልቱን ሶኬታችን ላይ ብትሰኪው አንድ ዘፈን እንኳን አያስጨርስሽም። ከ40 ሺህው ሁለት ሦስተኛውን ለስፒከሩ አድርጊ፣ በቀረው ያገለገለ ያማሃ ወይም ሶኒ አምፕሊፋየር ፈልጊ።

3. ያገለገለ ግዢ፣ ግን ዳሩን ነክተሽ። የዉፈሩን፣ ማለትም ባሱን የሚያወጣውን ትልቁን ክብ፣ ወረቀት ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው የዳር ቀለበት ወይ ጎማ ነው ወይ ስፖንጅ። ስፖንጁ በዕድሜ ብቻ፣ ማንም ሳይነካው ይበሰብሳል፤ በጣት ጫፍ ስትጫኚው እንደ ደረቅ ድፎ ዳቦ ከተፈረፈረ ተመለሺ። መቀየር ይቻላል፤ ትክክለኛውን ልክ አግኝቶ የሚሠራልሽን ሰው ፍለጋ ግን ያደክምሻል። ጎማው ዕድሜ አለው። ከዚያ የወረቀቱን መሐል በአራቱም ጣቶችሽ እኩል ወደ ውስጥ ገፋ አድርገሽ ልቀቂው። ፈግፈግ የሚል ድምፅ ከሰማሽ ከውስጥ ያለው ኮይል (የተጠቀለለው ሽቦ) ተጣሟል ወይም ተቃጥሏል ማለት ነው። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያለው ሰው ይዘሽ ከሄድሽም ጥሩ ነው፤ ጀርባው ላይ 8 ኦም የተባለ ስፒከር በቴስተር 6 አካባቢ ያነባል፣ ጤነኛ ነው። ግን ተጠንቀቂ፣ ከኋላ የሚለካው ዉፈሩን ብቻ ነው። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ፣ ትዊተሩ፣ የቴስተሩን ኤሌክትሪክ በሚያግድ ካፓሲተር በኩል ስለሚገናኝ ቴስተር አያየውም። እርሱን በጆሮሽ ነው የምትፈትሺው፤ የአምፕሊፋየሩን ባላንስ ወደ ግራ ከዚያ ወደ ቀኝ እያዞርሽ፣ ጆሮሽን አስጠግተሽ።

4. ሳትሰሚ አትግዢ። ስፒከሩ እዚያው ከአምፕሊፋየር ጋር ተያይዞ፣ አባትሽ በቃላቸው የሚያውቁት ዘፈን ተከፍቶ ነው መሰማት ያለበት። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ሻጩም ያውቀዋል፤ ለዚህ ነው ቀብድ የሚያስቀድመው። እኔ የገባሁበት ሱቅ ባለቤት «አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ለዚህ ዕቃ እየመጣ ነው፣ ነገ አታገኘውም» አለኝና 5 ሺህ ብር ቀብድ ተቀበለኝ። በማግስቱ የራሴን አምፕሊፋየር፣ ኬብልና ዘፈን የጫንኩበትን ስልክ ተሸክሜ ሄድኩ። «እኛ ጋ ዕቃ ተፈትኖ አይሸጥም፤ ቀብድ ከፍለሃል፣ ቀሪውን ክፈልና ውሰድ» አለኝ። አልከፍልም አልኩ። ደንበኛ ስለበዛበት ይመስለኛል በመጨረሻ «ይኸው ክፈተው» አለ።

ከፊት ያለውን ጨርቅ አነሳሁት። ከላይ እስከ ታች የተደረደሩ ሦስት ዉፈሮች፣ ሲያዩአቸው የሚያስጎመጁ። ባሱ ጠንከር ያለ ዘፈን ከፍቼ ጣቴን በየተራ አስቀመጥኩባቸው። የላይኛው ጣቴን እየደበደበ ይንቀጠቀጣል። መካከለኛው ዝም። የታችኛውም ዝም። የኋላውን ክዳን ፈትተን ስናይ ሁለቱ ማግኔትም ኮይልም የላቸውም፤ ለዓይን ተብሎ የተለጠፈ ፕላስቲክ ነው። ሰውየው ይህን ሲያይ ማፈር ትቶ ጮኸብኝ። «አንተ ልትገዛ ነው የመጣኸው ወይስ ልትመረምር?» አለኝ፣ በደንበኞቹ ፊት። እድሜዬ የእርሱን ታላቅ ወንድም ያክላል! ቀብዱንም አልመለሰም።

አቤት ለማለት የሄድኩበት መሥሪያ ቤት ደግሞ ከሱቁ የባሰ ሆነ። አንዲት ሠራተኛ ከስልኳ ቀና ሳትል «ደረሰኝ?» አለችኝ። ሻጩ በእጁ የጻፈልኝን ብጣሽ ወረቀት ሰጠኋት። «ማኅተም የለውም» ብላ በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ መለሰችልኝ፤ ቀጥሎ ያለውን ሰው ጠራች። ማኅተም ያለው ደረሰኝ የሚሰጥ ሻጭ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያስ እርሷ ዘንድ ምን ይወስደኝ ነበር? ስለዚህ እህቴ፣ ቀብድ የግድ ከሆነ «ተሞክሮ ካልሠራ ገንዘቡ ይመለሳል» ተብሎ ይጻፍ፣ ስሙና ፊርማው ይኑርበት። ይህን ስትጠይቂው ፊቱ ከተለወጠ ጥለሽው ውጪ።

ቁጥሩ የት እንደደረሰ ጠፋብኝ፤ ዝም ብዬ ልቀጥል። የእኔን አሁን ያሉትን ስፒከሮች ያገኘሁት አዲስ አበባ፣ አገር ሊለቁ ዕቃቸውን ከሚሸጡ የውጭ ዜጎች ነው። ዋርፍዴል ዳይመንድ ናቸው፣ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ፣ የእንግሊዝ ስም፣ ዳራቸው ጎማ። ሴትዮዋ ራሷ ቡና አፍልታ «እስክትጠግብ አዳምጥ» አለችኝ። ሁለቱንም በሚኒባስ ጭኜ፣ አንዱን ጭኔ ላይ አንዱን እግሬ መካከል አድርጌ፣ በፈጣን መንገዱ አዳማ ገባሁ። የማሲንቆው ጭራ ጭራውን ሲፈገፍግ ይሰማል። ዘፋኙ ስንኝ ከመጀመሩ በፊት የሚስበው ትንፋሽ ይሰማል። ትልቁን የገዛው የቢሮ ባልደረባዬ እኔ ቤት መጥቶ ከሰማ በኋላ ስለ ስፒከር ማውራት ትቷል።

አንድ ሰው ያማሃ ኤንኤስ-10 አለኝ፣ ስቱዲዮ የሚጠቀሙበት ነው ብሎ ቢመጣብሽ አትቸኩዪ። እውነት ነው፣ በ1978 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ለቤት ተብሎ ወጥቶ የስቱዲዮ ሰዎች ወሰዱት፤ የወሰዱት ግን የቀረጻን ጉድለት አጋልጦ ስለሚያሳይ ነው። ባሱ ቀጭን ነው፣ የመሐል ድምፁ ጆሮ ላይ ይመጣል። አባትሽ የሚፈልጉት ዘፈን እንጂ የዘፈን ምርመራ አይመስለኝም።

ቤት ሲደርስ ደግሞ የሳሎንሽን ወለል አስቢበት። ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ካለ ቀጭኑ ድምፅ እየተጋጨ ይመለሳልና የ40 ሺህ ስፒከር የ5 ሺህ ይመስላል። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ይህን በእጅጉ ያረግባል። ስፒከሮቹን የክፍሉ ጥግ ውስጥ አትወትፊያቸው፣ ባሱ ይጓጉራል፤ ከግድግዳው ትንሽ አውጪያቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዳቸው እስከ አባትሽ መቀመጫ ያለው ርቀት ተቀራራቢ ይሁን፣ ትዊተሩም በተቀመጡበት የጆሯቸው ከፍታ ላይ ይሁን። ኬብሉ ላይ ቀይና ጥቁሩን አታዛንፊ፤ አንዱ ከተገለበጠ ባሱ ድራሹ ይጠፋል፣ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ስፒከሩን ይረግማል። ለአባትሽም የድምፅ መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው እንዳያዞሩት ንገሪያቸው፤ ትንሽ አምፕሊፋየር አቅሙ አልቆ ድምፁ ሲሰነጠቅ ነው ትዊተር የሚቃጠለው።

የምታገኚውን ስፒከር ከመግዛትሽ በፊት የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ እዚህ ለጥፊልኝ፣ ጨርቁ ተነስቶ ይሁን። ቅዳሜ ከሰዓት ከሆነ ቴስተሬን ይዤ አብሬሽ ልሄድ እችላለሁ፤ ያ ሱቅ ከሆነ ግን እኔ ውጪ ነው የምጠብቅሽ።