የአሜሪካው ጦርነት በባርነት ነው ወይስ በግዛቶች መብት?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ሕርማታ ቡና እየጠጣን ከጓደኛዬ ጋር ተከራከርን። እሱ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተነሳው በግዛቶች መብት ነው፣ ባርነት ሰበብ ነው ይላል። እኔ በባርነት ነው ባይ ነኝ። ማኪያቶ ተወራርደናል፤ ማን ይክፈል? (ከጅማ)

መልስ፦ እሱ ይክፈል። ግን ከሜዳ አላመጣውም፤ የግዛቶች መብት ክርክር በእርግጥ ነበረ። ምን ለማድረግ የሚሆን መብት ብለህ ጠይቀው።

ደቡብ ካሮላይና እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1860 ስትገነጠል ምክንያቷን ጽፋ አውጥታለች። ትልቁ ቅሬታዋ ምን መሰለህ? የሰሜን ግዛቶች ያመለጡ ባሪያዎችን አንመልስም አሉ የሚል ነው። ሰሜኖቹ የራሳቸውን ሕግ አውጥተው እምቢ ማለታቸው እኮ ራሱ የግዛት መብት ነው! ደቡቦቹ እዚህ ላይ የፈለጉት የፌዴራሉ መንግሥት ጡንቻውን እንዲያሳይላቸው ነበር። ያመለጡ ባሪያዎች እንዲመለሱ ያዘዘው የ1850ው የፌዴራል ሕግማ ጉድ ነው፤ ስላመለጠው ሰው የሚወስነው ኮሚሽነር ለጌታው ከመለሰው 10 ዶላር፣ ነፃ ከለቀቀው ግን 5 ዶላር ብቻ ይከፈለው ነበር።

(እናንተ ቡና የጠጣችሁበት ሕርማታም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባሪያ ይሸጥበት የነበረ ትልቅ ገበያ ነው። የሰው አገር ብቻ አናማ።)

ጦርነቱ በ1865 ሲያልቅ 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ባርነትን ሻረ። በ1868 የጸደቀው 14ኛው ደግሞ የትኛውም ግዛት ለማንም ሰው እኩል የሕግ ጥበቃ እንዳይነፍግ አዘዘ። በ1869 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ግዛት በራሱ ውሳኔ ብቻ መገንጠል አይችልም አለ። አንቀጽ 39ን እየሰማን ላደግን ለእኛ ይሄ ይገርማል።

መሬት ላይ ግን ነገሩ አልበረደም። የፌዴራሉ ጦር በ1877 ደቡብን መጠበቁን ሲተው ጥቁሮች የመምረጥ መብታቸውን በተለያየ ዘዴ ተቀሙ፤ በ1896 ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭን ለያይቶ እኩል ማድረግ ይቻላል ብሎ አረፈው። ይህ የተሻረው በ1954 ነው። ከዚያማ "የግዛቶች መብት" እንደገና መፈክር ሆነ። በ1957 የአርካንሶ ገዥ 9 ጥቁር ተማሪዎች ሊትል ሮክ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ የግዛቱን ዘብ አቆመባቸው፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ደግሞ 101ኛውን አየር ወለድ ልኮ አስገባቸው።

ጓደኛህ አሁንም ካልተዋጠለት የሚሲሲፒን የመገንጠል መግለጫ ፈልጎ ያንብብ። ገና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አቋማችን ከባርነት ጋር የተሳሰረ ነው ይላል።