እንጉዳይ «አይፈጭም» ወይስ «አይልምም»?

ጥያቄ፦ እናቴ እንጉዳይ በበላች ቁጥር ሆዷን ይነፋታል። «ይሄ ነገር አይፈጭም» ትላለች። ነርሷ እህቴ ደግሞ «አይልምም ነው የሚባለው፣ ጥፋቱም የካይቲን ነው» እያለች ታርማታለች። ማን ልክ ነው? ካይቲንን በአማርኛ «ቅርፊት» ብንለውስ? (ከሞጣ)

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እናት በገዛ ቤቷ ባትታረም ደግሞ ደስ ይለኛል። ሁለቱም ቃል የመጣው ከወፍጮ ነው። አያቴ ገብሱን አንዴ ፈጭታ በእጇ ታሸውና «አልልም አለ» ብላ እንደገና ትመልሰው ነበር። የተፈጨ ሁሉ አይልምም ማለት ነው፤ ተፈጭቶ ያልላመው ግርድፍ ይባላል። የትምህርት ቤቱ «ሥርዓተ ልመት» የተወለደውም ከዚሁ «ላመ» ነው። በወሬ መሀል «ምግቡ አልተፈጨልኝም» ስንል ግን ከጥርስ እስከ አንጀት ያለውን ሁሉ ጠቅልለን ነው፣ ምንም ነውር የለበትም።

ወደ ካይቲን ስንመጣ እህትዎ ትንሽ ይበልጣሉ። ካይቲን በእንጉዳይ የሕዋስ ግድግዳ፣ በአንበጣና በሸርጣን ሽፋን ውስጥ የሚገኝ፣ ከስኳር ዘር የተሠራ ረጅም ሰንሰለት ነው። ጨጓራችን ይህን ሰንሰለት የሚበጥስ ኢንዛይም አያጣም፤ ጉልበቱ ግን ደካማ ነው፣ ከሰው ሰውም ይለያያል። ስለዚህ ጥርስ ይፈጨዋል እንጂ ጨጓራ እምብዛም አያልመውም። አብዛኛው እንደ ሌላው አሰር ግርድፉን ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ከፊሉን ያብላሉታል።

የሆድ መነፋቱን ሁሉ ግን በካይቲን ላይ አንለጥፍ። እንጉዳይ ውስጥ ማኒቶል የሚባል፣ ትንሹ አንጀት በደንብ የማይመጠው የስኳር ዓይነትም አለ። ባክቴሪያዎቹ ይህን ሲያገኙ ጋዝ ያመርታሉ፣ እናትዎንም የሚያስቸግራቸው እሱ ሊሆን ይችላል። (ከደጅ የተለቀመ የጅብ ጥላ በልተው ከሆነ ግን ነገሩ የሰዋስው ሳይሆን የሐኪም ነው።)

«ቅርፊት» አይሆንም። ቅርፊት የዛፍ ነው፣ የእንቁላል ነው፤ የሚሸፍነውን ነገር እንጂ የተሠራበትን አይነግረንም። እንጉዳይ ደግሞ ካይቲን እንጂ ቅርፊት የለውም። ቃሉን በ1823 ያወጣው ፈረንሳዊው ኦዲየር ነው፤ መነሻው በግሪክኛ ቀሚስ መሰል ልብስ ማለት ነው። እኛም ካይቲን ብለን እንተወው። «ኪቲን» ብሎ ከሚጽፍ ጋርም አልጣላም፤ እንዲያውም ለግሪኩ የሚቀርበው የሱ ነው።