የካሊብሬሽን (የመሣሪያ ማስተካከያ) ጋዝ፦ ቀሪው ጋዝ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ሲሊንደራችን ላይ «400 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 400 እጅ) ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ቀሪው ናይትሮጅን» ይላል። በእሱ ያስተካከልነው የኢንፍራሬድ ጋዝ መለኪያ መሣሪያ የውጭ አየር ሲገባበት ዝቅ አድርጎ ያነባል። ሲሊንደሩ ተሳስቶ ይሆን?

መልስ፦ የግድ አይደለም። መሣሪያው የሚያየው በ4.26 ማይክሮሜትር አካባቢ የተዋጠውን ብርሃን ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብርሃን የሚውጥባቸው መስመሮች ደግሞ ሞለኪውሉ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲጋጭ ይሰፋሉ። ናይትሮጅን ከኦክስጅንም ከአርገንም ይበልጥ ያሰፋቸዋል፤ ሲሰፉም የሚዋጠው ብርሃን ይጨምራል። አየር 21 በመቶ ያህል ኦክስጅንና 0.93 በመቶ አርገን ስላለው፣ ያው 400 ፒፒኤም አየር ውስጥ ሲሆን ጥቂት ያነሰ ብርሃን ይውጣል። ስህተቱ በርካታ ፒፒኤም ሊደርስ ይችላል። በ1958 (እ.ኤ.አ.) ሃዋይ ውስጥ በማውና ሎዋ የተጀመረው የከባቢ አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ልኬት እንኳ ማመሳከሪያው በናይትሮጅን የተዘጋጀ ስለነበር ቁጥሮቹ በኋላ መታረም ነበረባቸው።

በደረቅ የተፈጥሮ አየር የተዘጋጀ ሲሊንደር ይግዙ። ከሌላ መሣሪያ የማረሚያ ቁጥር መዋስ አያዋጣም፤ ልዩነቱ እንደ መሣሪያው ይለያያል። የራስዎን ለማወቅ ሁለቱን ሲሊንደሮች በአንድ ፍሰትና በአንድ ግፊት እያፈራረቁ ይለኩ። ለዜሮ ነጥብ ግን ንጹሕ ናይትሮጅን ችግር የለውም፤ የሚሰፋ መስመር የለማ!

ጥያቄ፦ ከንጹሕ ጋዞች የተቀላቀለ ሰው ሠራሽ አየርስ?

መልስ፦ አርገኑ ካልተረሳ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። 0.1 ፒፒኤም የሚያሳስበው ሰው ግን የካርቦኑን ምንጭ ይጠይቅ። ከነዳጅ የተገኘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርቦን-13 (ከበድ ያለው የካርቦን ዓይነት) ያንሰዋል፤ ካርቦን-13 ያለው ሞለኪውል ብርሃን የሚውጥበት ቦታ ደግሞ ወደ 4.38 ማይክሮሜትር ስለሚሸሽ የመሣሪያው ማጣሪያ በከፊል ብቻ ያየዋል። ከ400 ፒፒኤም ውስጥ ድርሻው 4.4 ገደማ ነው፤ የዚህ 3 በመቶ ቢጎድል 0.13 ፒፒኤም ይሆናል።

ጥያቄ፦ የቀዶ ሕክምና ክፍላችን ካፕኖግራፍ (ታካሚው የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው መሣሪያ) ማደንዘዣው ጋዝ ናይትረስ ኦክሳይድ ሲከፈት ንባቡ ከፍ ይላል።

መልስ፦ ናይትረስ ኦክሳይድ ራሱ በ4.5 ማይክሮሜትር አካባቢ ብርሃን ይውጣል፤ በዚያ ላይ የካርቦን ዳይኦክሳይዱን መስመሮች ያሰፋል። ኦክስጅን ሲበዛ ደግሞ በተቃራኒው ንባቡ ይወርዳል። አንዳንዱ መሣሪያ ሁለቱን ጋዞች ራሱ ለክቶ ያካክሳል፤ ሌላው ማካካሻውን እንድትመርጡለት ይጠብቃል፤ መጀመሪያ ይህን አረጋግጡ። ስታስተካክሉም አምራቹ ያዘዘውን ቅይጥ ብቻ ተጠቀሙ፤ «5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ» የሚል ጽሑፍ ቀሪው ጋዝ ካልተገለጸ ብቻውን አይበቃም።

ጥያቄ፦ ሬጉሌተር (የሲሊንደሩን ግፊት የሚቀንሰውን ዕቃ) በገጠምን ቁጥር ንባቡ ይዋዥቃል።

መልስ፦ ውስጡ የቀረው የክፍሉ አየር ነው። የሲሊንደሩን ቫልቭ ከፍተው ይዝጉ፣ ሬጉሌተሩንም ግፊቱ ዜሮ ሳይደርስ ያስተንፍሱት፤ ይህን ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይድገሙ። የሲሊንደሩ ግፊት ወደ 20 ባር ሲወርድ ይቀይሩት፤ ከግድግዳው የሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠኑን ከተጻፈው በላይ ያደርገዋል።