ጠጠሩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጉዳይ

በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ የኩላሊት ጠጠር ያሠቃየው ሰው ጠጠሩ ወጥቶ ሕመሙ ሲለቀው ነገሩ ያበቃለት ይመስለዋል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው።

ጠጠሩ ተሰብሮ ከወጣ በኋላ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ጫፎቹ የተጠቀለሉ ቀጭን ቱቦ ከኩላሊት እስከ ሽንት ፊኛ ዘርግቶ ይተዋል። ስቴንት የሚባለው ይህ ቱቦ ያበጠው የሽንት ቧንቧ እንዳይዘጋ የሚያግዝ ጊዜያዊ ረዳት ሲሆን፣ እንደየሁኔታው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ መውጣት አለበት። ለወራት ከተረሳ ግን ራሱ ጠጠር ይጋገርበታል፤ ማውጣቱም ሌላ ቀዶ ጥገና ይጠይቃል፣ ኩላሊቱንም እስከ ማጣት ሊያደርስ ይችላል። ቀጠሮው በአንድ አገር ተይዞ እኛ ሌላ አገር ስለምንገኝ ይህ አደጋ ለእኛ ይብሳል። ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት ስቴንት ገብቶላችሁ እንደሆነ፣ መቼና የት እንደሚወጣ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ሳይወጣም ረጅም ጉዞ አታቅዱ።

ስቴንት እስካለ ድረስ ሽንት ቀላ ማለቱ የተለመደ ነው። የረጋ ደም ከመጣ፣ ሽንት አልወርድ ካለ፣ ወይም ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ አልፎ ካንቀጠቀጣችሁ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በጠጠሩ ውስጥ የነበሩ ባክቴሪያዎች ወደ ደም ከገቡ በሰዓታት ውስጥ ለሕይወት ያሰጋሉ። ከቀዶ ጥገናው በፊት የሽንት ካልቸር፣ ማለትም በሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን የሚለይ ምርመራ፣ የሚታዘዘውም ለዚሁ ነው። በጀርባ በኩል ተበስቶ ጠጠር የወጣለት ሰው ደግሞ ከሳምንት በኋላም ሊደማ እንደሚችል ይወቅ። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

ለጠጠር የተነሣችሁትን የሲቲ ስካን ሪፖርት ሙሉውን ተቀበሉ። ዛሬ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የኩላሊት ካንሰር የሚገኘው ለሌላ ሕመም በተነሣ ምስል ላይ በአጋጣሚ ነው፤ ከ4 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ዕጢ ብዙ ጊዜ ኩላሊቱ ሳይወጣ ዕጢው ብቻ ተቆርጦ ይወጣል፣ አንዳንዱም በክትትል ብቻ ይቆያል። ለተለመደው የኬሞቴራፒ መድኃኒት እምብዛም የማይበገረው ይህ ካንሰር ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዕጢውን የደም ሥሮች እድገት የሚያግዱ፣ ከ2015 ወዲህም የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁ መድኃኒቶች ስለተገኙለት፣ ቶሎ ያልተደረሰበት ሕመምተኛ እንኳ ተስፋ የሚቆርጥበት ዘመን አይደለም። ሕመም የሌለው ደም በሽንታችሁ ስታዩ «የቆየው ጠጠሬ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ለሐኪሙም ስታስረዱ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ሆስፒታሉ ባለሙያ አስተርጓሚ እንዲያቀርብላችሁ ጠይቁ።