«የባሕር ዳር ደሴት» ስንል የትኛዋን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ የምኖረው እዚሁ ባሕር ዳር ነው። አሜሪካ ጠረፍ ላይ ስላሉት ረጃጅም የአሸዋ ደሴቶች ለተማሪዎቼ ኖት እያዘጋጀሁ «የባሕር ዳር ደሴት» ብዬ ጻፍኩና ጓደኛዬ «ደብረ ማርያም ናት ክብራን?» ብሎ በጣና ደሴቶች ስም ሳቀብኝ። በእንግሊዝኛ barrier island ስለሚባሉ «መሰናክል ደሴት» ብል ይሻላል?

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው፣ እኛ ዘንድ «ባሕር ዳር» ካልክ ከተማዋ ነች፣ «የባሕር ጠረፍ» ብለህ ተገላገል። «መሰናክል»ን ግን እርሳው። መሰናክል መንገደኛ የሚያደናቅፍ ነገር ነው፣ እነዚህ ደግሞ የውቅያኖሱን ማዕበል ራሳቸው እየተቀበሉ ከኋላቸው ያለውን የብስ የሚያስጥሉ ናቸው። «ጋረደ» ከሚለው «ጋራጅ ደሴት» እንዳልልህ ልጆቹ መካኒክ ፍለጋ ይሄዳሉ 😄 እኔ «ከለላ ደሴት» እላለሁ፣ መጀመሪያ ስትጠቅሰው «ከጠረፉ ጎን ለጎን የተዘረጋ ረጅምና ቀጭን የአሸዋ ደሴት» ብለህ አስረዳ። ርዝመቱንም በጣና አሳያቸው፦ ቴክሳስ ያለው ፓድሬ ደሴት ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጣና ራሱ ከጫፍ ጫፍ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ግሱ ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ። የጣናውን ደቅ ደሴት የሚያውቅ ልጅ ደሴት ሲባል አለት ላይ የቆመ፣ ንቅንቅ የማይል ነገር ነው የሚመጣለት፣ ከለላ ደሴት ግን ይሄዳል! ትልቅ ማዕበል ሲመጣ ከፊት ያለውን አሸዋ ጠርጎ በላዩ አሻግሮ ወደ ጀርባው ይደፋዋል፣ ስለዚህ ፊቱ እየተበላ ጀርባው እየሰፋ ቀስ በቀስ ወደ የብስ ይጠጋል። «ተሸረሸረ» ብቻ ካልክ ግማሹን ነው የነገርካቸው፣ «እየተጠጋ ነው» በልበት። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ባለ ደሴት ላይ በ1870 እ.ኤ.አ. የተሠራው የኬፕ ሃተራስ መብራት ቤት (ለመርከቦች ብርሃን የሚያሳይ ማማ) ባሕሩ ደጁ ድረስ ስለመጣበት በ1999 እ.ኤ.አ. እንዳለ ተነስቶ 880 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ተወስዷል፣ ይሄን ንገራቸው ክፍሉ አይተኛም።

ከጀርባው ያለውን ጥልቀት የሌለው ውሃ «ሐይቅ» አትበለው፣ በየመሃሉ ባሉ መግቢያዎች ከውቅያኖሱ ጋር ስለሚገናኝ ጨው አለበት፣ «ላጉን» በቃ።

እግረ መንገዴን፣ ዘጌም ደሴት አይደለችም፣ ባሕረ ገብ መሬት ናት። ቱሪስት በጀልባ ስለሚሄድ ነው የሚያምታታው፣ በመኪናም ይገባል።